የሻያ ዳሩ ማሳ የማን ነው

ጋሪው የሮቤን የመጨረሻ ቤቶች አልፎ የአጋርፋን መንገድ ሲይዝ ፈረሱ ማንም ሳያዘው ፍጥነቱን ጨመረ። ከኋላ ሁለት በጎች እግራቸው ታስሮ ተጋድመዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ዳለቻ። ቱፋ ዳቢሴ በአንድ እጁ የዳለቻውን ራስ ከጋሪው ጠርዝ እንዳይጋጭ ደግፎ፣ በሌላው እጁ በፌስታል የተጠቀለለ ትልቅ መዝገብ ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። በኮቱ የውስጥ ኪስ ተጽፎ ያለቀ ማመልከቻና አንድ ክብ የአሻራ ቀለም ቆርቆሮ አለ። ጋሪው በዘለለ ቁጥር ቆርቆሮው ጎኑን ይወጋዋል።

ጥር አንድ ቀን 1998 ዓ.ም. ነበር። ገና ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ አረፋ ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱ በዓላት ተከታትለው ስለገቡ የሮቤ ገበያ ሳምንቱን ሙሉ ሳይበተን ሰነበተ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል። ራቅ ብሎ አንድ ኮምባይነር በአቧራ ተከቦ ይሠራል። በደቡብ በኩል የሰነቴ ተራራ ጫፉ በደመና ተሸፍኗል።

ልጓሙን የያዘው አብዱልመሊክ ነው። የሀጂ ዘይነዲን የበኩር ልጅ፣ ሮቤ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ነጩ በግ ለነገው እርድ ነው። ዳለቻው የቱፋ ነው። ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ ስለማይበላ፣ ሀጂ ዘይነዲን በየአረፋው ለጎረቤታቸው ለዳቢሴ የሚሰጡት በግ ከነነፍሱ ነበር። ዳቢሴም በየገናው አንድ ቅል ቅቤ ይልክላቸው ነበር። ዳቢሴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ በጉም ቅቤውም ግን አልቀረም፤ አሁን ላኪውም ተቀባዩም ልጁ ቱፋ ነው።

"ያን ወረቀት ይዘኸዋል?" አለ አብዱልመሊክ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

"ይዤዋለሁ፣ ኦቦ አብዱልመሊክ።"

"በበዓል?"

"ሐሙስ ካላስገባሁት አይቀበሉኝም። ዛሬ ሰኞ ነው።"

አብዱልመሊክ ፈረሱን እንደመምታት ብሎ ተወው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት በየካቲት ነው። በየቀበሌው የገበሬው መሬት ተለክቶ ለእያንዳንዱ ባለይዞታ አረንጓዴ ደብተር ሊሰጠው ነው ተብሎ አምስት ሰዎች ተመረጡ። ቱፋ አሥረኛ ክፍል የጨረሰና የኦሮምኛውን የቁቤ ፊደል አጥርቶ የሚጽፍ ስለሆነ ጸሐፊ አደረጉት። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ገመዱ በማሳው ዙሪያ ይጎተታል፤ አዋሳኞቹ ተጠርተው ድንበሩን በእግራቸው ይረግጣሉ፤ በመጨረሻ ጸሐፊው መሀል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይህ ማሳ የማን ነው?" ይላል። ማሳው ላይ የቆመው ሰው ይመልሳል። አዋሳኞቹ ሰምተው ዝም ካሉ ስሙ ይጻፋል።

ልኬቱ ወደ ሀጂ ዘይነዲን መሬት ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ሀጂ ምርኩዛቸውን ይዘው ቱፋ ቤት ድረስ መጡ። አልቀመጥም ብለው ደጃፍ ላይ ቆሙ። አራት ቦታ መሬት አላቸው። ሦስቱን በእሳቸው ስም እንዲጽፍ፣ አራተኛውን፣ የሻያ ወንዝ ዳሩን ሦስት ጥማድ ግን በረቢያ ስም እንዲያደርገው ነገሩት። እሳቸው በዚያ ሰዓት ሆን ብለው ቤት እንደሚቀሩ፣ ማሳው ላይ የምትቆመው ረቢያ እንደሆነች፣ የማን ነው ሲላት የእኔ ነው እንደምትል፣ እንዲያ እንድትል እንደመከሯት አስረዱት።

ረቢያ ብቸኛ ሴት ልጃቸው ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ገሰራ ከሚባል አገር ተድራ፣ ልጅ ሳትወልድ ተፈትታ ተመልሳ፣ ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት አባቷን ስትጦር የኖረች ናት። የወንዝ ዳሩን ማሳ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እያፈራረቀች የምታለማው እሷ ናት። ወንድሞቿ ሥራም ቤትም አላቸው። እሷ አባቷ ቢሞቱ ያለዚያ ማሳ የምትበላው የላትም። ማሳው በውርስ ከተከፋፈለ ደግሞ የሚደርሳት ጥግ ቤት ይሠራበት እንደሆነ እንጂ አይታረስም።

በማግስቱ ረቢያ ማሳው ላይ ቆመች። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ከበዋታል፤ አብዛኞቹ የአባቷ እኩዮች ናቸው። ቱፋ ጠየቀ። ረቢያ ሻርፗን አፏ ላይ ሳበች።

"የአባቴ ነው" አለች።

ቱፋ ያልሰማ መስሎ ድጋሚ ጠየቃት።

"የአባቴ ነው አልኩህ እኮ።"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን በመስማማት ነቀነቁ። አባት በሕይወት እያለ፣ በእኩዮቹ ፊት የእኔ ነው የምትል ልጅ ሰምተው አያውቁም። ቱፋ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ደንቡ ማሳው ላይ የተባለውን ጻፍ ይላል። ጻፈ። ሀጂ ሲሰሙ መጥተው ያስተካክሉታል ብሎ አሰበ።

ሀጂ ግን አልጠየቁም። በእሳቸው አገር ልጅ ሲወለድ አባት አንዲት ጊደር ሀንዱራ ብሎ ይሰጠዋል፤ እትብቱ በተቆረጠበት ቀን የተሰጠች ናትና የወለደችው ሁሉ እስከ ዕድሜ ልኩ የዚያ ልጅ ነው። በግቢያቸው ካሉት ላሞች መሀል የረቢያ የትኛዋ እንደሆነች መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም። ሀጂ መሬቱንም እንዲያ ሰጥተው ጨረሱ። የባለይዞታዎች ስም ዝርዝር በግንቦት የቀበሌው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ነበር፤ ባይጋረድም የሚያነቡት የዓረብኛ ፊደል እንጂ ቁቤ አልነበረም። ረቢያ በየገበያው ቀን በግድግዳው ሥር ታልፋለች፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ስድስት ወር የቆጠረችው የአማርኛ ፊደል እንኳ ጠፍቶባታል። የአብዱልመሊክ ሁለተኛ ልጅ ግን አነበበውና ለአባቱ ነገረው።

ቱፋ በሰኔ ማሳው በአባቷ ስም እንደተለጠፈ፣ የሚታረመውም እሳቸው ሲጠይቁ እንደሆነ ለረቢያ ነገራት። እነግረዋለሁ አለች። በነሐሴ ጠየቃት። እነግረዋለሁ አለች። በጥቅምት ሀጂ ልባቸው ደክሞ እግራቸው አብጦ ጎባ ሐኪም ቤት ሁለት ሳምንት ተኙ፤ ከዚያ ቤታቸው ውሰዷቸው ተባለ። ባለፈው ዓርብ ቱፋ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ጉዳዩን አስረዳ። ሠራተኛዋ ስትሰማው ቆይታ፣ ደብተሮቹ ከጥምቀት በፊት ተጽፈው እንደሚያልቁ፣ እስከ ሐሙስ ባለይዞታው ራሱ አሻራውን ያሳረፈበት ማመልከቻ በሁለት ምስክር ከመጣ ስሙን እንደምታስተካክል ነገረችው። ከሞቱ በኋላ ግን የውርስ ጉዳይ ነው፤ የፍርድ ቤት እንጂ የእሷ አይደለም።

ማመልከቻውን የጻፈው ቱፋ ራሱ ነው። የቀረው የሀጂ አውራ ጣት ብቻ ነበር።

ጋሪው ከዋናው መንገድ ታጥፎ ወደ መንደሩ የሚወስደውን ኮረኮንች ሲይዝ አብዱልመሊክ ልጓሙን ሰበሰበና ፈረሱን አቆመው።

"እኔን ክፉ ሰው አድርገህ አትየኝ" አለ። "መሬቱ የረቢያ እንደሆነ ከአንተ በፊት አውቃለሁ። በሕይወቴ አልነካትም። ነገር ግን አራት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱ ሥራ የላቸውም። እኔ ስሞት መጥተው ይህ የአያታችን ነው ቢሏት፣ በእነሱ አፍ አሁን እንዴት ልማል?"

"ለዚህ እኮ ነው ወረቀቱ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ነገ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ላውጣው?"

አብዱልመሊክ ልጓሙን ላላ አደረገ። "አትከልክለኝ ካልክ አልከለክልህም። አውጣው በለኝ ካልክ ግን አልልህም። አባቴ ምን ጎድሎ ነው የምታርመው ብሎ ይጠይቅሃል። ያን ጊዜ የምትመልሰውን አስብበት።"

ከበጎቹ አንዱ ጮኸ። ጋሪው ተንቀሳቀሰ።

*

የአረፋ ዕለት ቱፋ ሲደርስ እርዱ አልቆ ሥጋው እየተከፋፈለ ነበር። የገናውን ነጭ ጋቢ ደርቦ መዝገቡን በጋቢው ሥር ይዟል። ሀጂ ዘይነዲን ብርሃን እንዲያገኙ በሩ አጠገብ ፍራሽ ተነጥፎላቸው፣ በርኖስ ለብሰው፣ ረቢያ ከኋላቸው ተንበርክካ ጀርባቸውን ይዛላቸዋለች። ከስተው ፊታቸው አንሷል፤ እግራቸው ግን ብርድ ልብሱን ሞልቶታል። ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶች በአንድ በኩል፣ አብዱልመሊክ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ታናሹ ልጃቸው ከሊል በዚያው ጠዋት አንገቱ ከምትባለው ከተማ ገብቶ ጫማው ላይ ያለው የሀረና ጫካ ጭቃ ገና አልደረቀም። እዚያ ቡናና ማር ይነግዳል።

"ጫካ ገብተህ ከጦጣ ጋር ቡና ስትሻማ ከርመህ፣ አባትህ ሊሞት ነው ሲሉህ መንገዱ ታየህ" አሉት ሀጂ።

"ጦጣዋም ሰላም ብላሃለች፣ አባ።"

"በል ንገራት፣ ከአንተ ይልቅ እሷ ትጠይቀኝ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሀጂም ሊስቁ ሞክረው ትንፋሻቸው አጠረ። ረቢያ ደረታቸውን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችላቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ሀጂ የጠሯቸው ለምን እንደሆነ በአጭር በአጭሩ ነገሯቸው። በየመንደሩ አባት ሲሞት ልጆች የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ገመድ ይጎታተታሉ። እሳቸው ገመዱን በሕይወታቸው ሊጎትቱት ይፈልጋሉ። በዓል ስለሆነ ሁሉም አለ፤ ሁሉም ባለበት ይለቅ።

"መጀመሪያ የተሰጠው ይነበብ" አሉ። "ያልተሰጠው ከዚያ ይሰጣል። የዳቢሴ ልጅ፣ መዝገቡን አምጥተሃል?"

"አምጥቻለሁ፣ ሀጂ። ግን ከማንበቤ በፊት አንድ ነገር..."

"አንብብና ትናገራለህ።"

ቱፋ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ያሰበው ነገር ቀላል ነበር። በትክክል ያነባል፤ ወዲያው ስህተት አለ ይላል፤ ስህተቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ወረቀቱንና ቀለሙን ያወጣል። ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶታል። ከሊል ለማየት ከኋላው መጥቶ ቆመ።

አነበበ። ተራ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ሁለት፣ የቤቱ ዙሪያ፣ ባለይዞታ ዘይነዲን። አንድ መቶ አሥራ ሦስት፣ የላይኛው የስንዴ ማሳ፣ ባለይዞታ ዘይነዲን። አንድ መቶ አሥራ አራት፣ የገብስ ማሳና የግጦሹ ጥግ፣ ባለይዞታ ዘይነዲን። በእያንዳንዱ ላይ ሀጂ አገጫቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

"ቆይ" አሉ አራተኛው ላይ ሲደርስ። "ይህን ሽማግሌዎቹም ይስሙት።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ያን ቀን ሆን ብዬ ነው ቤት የቀረሁት። እኔ ካለሁ አፏ እንደማይከፈት አውቃለሁ። ይህች ልጅ ባሏ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስትኖር፣ ማንኪያ እንኳ የእኔ ነው የምትለው አልነበራትም። እናቷ ጁሀራ ስትሞት ያስማለችኝ ስለ እሷ ነው። ያን ቀን እዚህች ደጅ ላይ ተቀምጬ፣ አሁን አለች፣ አሁን በሰው ፊት የእኔ ነው አለች እያልኩ ብቻዬን ሳለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንች ስታቀርብልኝ የእሷ እንግዳ ሆኜ ነው የምበላው። በል፣ አሁን አንብብ።"

ቱፋ ቀና አለ። ረቢያ በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ እያየችው ነበር። ፊቷ ላይ ደም የለም። አትንገረው እንደማለት ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ጊዜ፣ በጣም ትንሽ፣ ጀርባቸውን የያዙት እጆቿ እንዳይነቃነቁ እየተጠነቀቀች። አብዱልመሊክ ወለሉን ያያል።

የቀለሙ ቆርቆሮ በኪሱ ውስጥ ነበር። መዝገቡ ላይ የተጻፈው በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ግልጽ ነው።

"ተራ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ አምስት" አለ። "የሻያ ዳር ማሳ። ባለይዞታ ረቢያ ዘይነዲን።"

ሀጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ድገመው።"

"ባለይዞታ ረቢያ ዘይነዲን።"

"አልሀምዱሊላህ።"

ከኋላው የከሊል ትንፋሽ አንዴ ቆሞ ሲቀጥል ቱፋ ሰማው። ከሊል ቁቤ ያነባል። ቱፋ መዝገቡን ወዲያው ዘጋው፤ ግን ዘግይቶ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ነገር በፍጥነት ሄደ። የቤቱ ዙሪያና የስንዴው ማሳ ለአብዱልመሊክ ሆነ። የገብሱ ማሳና ግጦሹ ለከሊል ሆነ። ረቢያ የራሷ ስላላት በዚህ ውስጥ አልገባችም፤ እንድትገባ የሚጠይቅ ቢኖር የሀጂ እርግማን ይድረሰው፤ የእሷንም የሚነካ እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዱዓ ተደረገ። አብዱልመሊክ እጁን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ቆየ። ከሊል አሚን አለ። የረቢያ አሚን ከሁሉም ዘግይቶ ከአባቷ ጀርባ መጣ።

"ቅድም ልትነግረኝ የነበረው ምንድን ነው?" አሉ ሀጂ በድካም።

"ምንም አይደለም፣ ሀጂ። እንኳን አደረሰዎ ልል ነበር።"

"አንተንም እንኳን ለገናው አደረሰህ።" ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። "የዳቢሴን ልጅ በግ ፍቱለት። ዛሬ ከሁላችሁም ይበልጥ የሠራው እሱ ነው።"

ቱፋ ዳለቻውን በግ በገመድ እየሳበ ወጣ። በጉ ከግቢው በር አልወጣም ብሎ እግሩን ተከለ። ከኋላ የሚገፋለት ሰው አልነበረም። መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ በሁለት እጁ ጎትቶ አወጣው።

*

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት፣ ብርዱ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ፣ ቱፋ ተመልሶ መጣ። ሲመጣ ቆርጦ ነበር። የሚናገረውን አላጠናም፤ ዋሽቻለሁ ብሎ ሊጀምርና የመጣውን ሊቀበል ወስኗል። ወረቀቱና ቀለሙ እዚያው ኪሱ ውስጥ፣ መዝገቡም በብብቱ ነው።

ከሊል በሩ ላይ ተቀበለው። አባታቸው ከዱዓው በኋላ ጥቂት ሾርባ ጠጥተው መተኛታቸውን፣ ከዚያ ወዲህ አለመንቃታቸውን ነገረው። ይተነፍሳሉ። ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ ግን ማንንም አያዩም።

"ሌሊቱን ስጠራው አደርኩ" አለ ከሊል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መዝገቡን አይቼዋለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን እንዳነበብከው አልጠይቅህም። እኔም ብሆን የማነብ ይመስለኛል። ወረቀቱ ግን አለህ አይደል? አብዱልመሊክ ነግሮኛል።"

ቱፋ አወጣው። ከሊል አነበበው፤ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እጁን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው።

ሀጂ ትናንት የነበሩበት ፍራሽ ላይ ናቸው። አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል፤ ትንፋሻቸው ርቆ ርቆ ይመጣል። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ በላይ መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ ተዘርግቷል። አውራ ጣታቸው ወፍራም ነው፤ የሞፈር ጠባሳ አለው። ረቢያ አጠገባቸው ተቀምጣ ጨርቅ በውሃ እያራሰች ከንፈራቸውን ታስነካለች። አብዱልመሊክ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሱቁን ለመክፈት አልሄደም።

ከሊል ለእህቱ በለሆሳስ ነገራት። ጣቱን ቀለም ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ትናንት በሽማግሌ ፊት በአፉ የተናገረው ነው። የሰጠውን ነው የምንጽፈው እንጂ ያልሰጠውን አልሰረቅንም። እሱና ቱፋ ምስክር ይሆናሉ። ነገ ሐሙስ ነው።

ረቢያ ጨርቁን ጎድጓዳው ሳህን ላይ አስቀመጠች። "አብዱልመሊክ ምን ይላል?" አለች።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አብዱልመሊክ ጉሮሮውን ጠረገ። "ብታደርጉት ለማንም አልናገርም" አለ። "እጁን ግን እኔ አልይዝም።"

ከሊል የቀለሙን ቆርቆሮ ከቱፋ ተቀብሎ ከፈተው። ሐምራዊ ቀለሙ በብርዱ ደርቆ ስለነበር ምራቁን ጠብ አድርጎ አራሰው። ተንበርክኮ የአባቱን እጅ አነሳ። እጁ እንደ ተኛ ሕፃን እጅ ከበደው። አውራ ጣቱን ለይቶ ወደ ቆርቆሮው ሲያስጠጋ ረቢያ መዳፏን በመሀል አስገባች።

"ተወው።"

"ረቢያ..."

"ተኝቶ ሳለ ከእጁ ላይ አልወስድም።"

"ሰጥቶሻል እኮ! ትናንት ሰምተሻል።"

"ሲሰጠኝ ነቅቶ ነበር። ያን ጊዜ እሺ ብዬ መቀበል አቃተኝ። አሁን ሲተኛ ልቀማው?" ድምፏ አልጨመረም። "ከነቃ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። አሳፍሬሃለሁ፣ በሰው ፊት የሰጠኸኝን መልሼልሃለሁ እለዋለሁ። ካልነቃ ደግሞ፣ ድንቹ የእሷ ነው ብሎ እንደበላ ይሂድ። ቀለም በጣቱ ይዞ ለገናዦቹ አልሰጠውም።"

ከሊል እጁን አልለቀቀም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ወደ ቱፋ ዞረ፤ እንዲናገርለት ፈልጎ ነበር። ቱፋ ከሊል የሚለው ነገር ሁሉ እውነት እንደሆነ ያውቃል፤ መሬት የሌላት ሴት ምን እንደሚገጥማት ያውቃል፤ ሐሙስ ሐሙስ እንደሆነ ያውቃል። ትናንት በዚያው ቤት፣ በዚያው ፍራሽ ፊት የተናገረውን ደግሞ ያውቃል። ወረቀቱን ከፍራሹ ጠርዝ አነሳ።

ከሊል የአባቱን እጅ ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ መለሰው። በገዛ ጣቱ ላይ ሐምራዊ ቀለም ነበር፤ ሱሪው ላይ ጠረገው።

ቱፋ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ረቢያ እስከ በረቱ ድረስ ሸኘችው። የሀንዱራዋ ዘር የሆነችው ጥቁር ላም ባለፈው ሳምንት ወልዳ ነበር፤ ጥጃው በብርዱ እየተንቀጠቀጠ እናቱ ሥር ተወሽቋል። ረቢያ የላሟን ጀርባ በእጇ ጠረገችላት።

"ይቺን የማን ናት ብትለኝ የእኔ እልሃለሁ" አለች። "ሳላፍር። ምን እንደሆነ አላውቅም። ይቺን ሲሰጠኝ ሕፃን ነበርኩ፤ አልጠየቁኝም።"

"ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አዴ ረቢያ። ያን ቀን ጥቂት መታገሥ ነበረብኝ።"

"ሁለት ጊዜ ጠየቅኸኝ። ከዚያ በላይ ምን ታደርግ?" ከበረቱ አጥር ባሻገር ሜዳው ወደ ሻያ ይወርዳል። ማሳው ከዚያ ይታያል፤ ድንቹ ተቆፍሮ አልቆ አፈሩ ጠቁሯል። ረቢያ ለጥቂት ጊዜ አየችው። "እስቲ አሁን ጠይቀኝ" አለች።

"ምን?"

"እንደዚያ ቀን። እንደምትጠይቀው አድርገህ ጠይቀኝ። ልሞክረው። ማንም የለም።"

ቱፋ መዝገቡን ከብብቱ አወጣ። ለምን እንዳወጣው አላወቀም፤ ያን ቀን ይዞት ስለነበር ይሆናል። ከጥጃውና ከላሟ ሌላ የሚሰማ አልነበረም፤ ቢሆንም ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ይህ ማሳ የማን ነው?"

ረቢያ ሻርፗን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። ከንፈሯ ተከፈተ። በዚያ ቅጽበት ከቤት ውስጥ የሀጂ ሳል ተሰማ፤ ደካማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ረቢያ ወደ በሩ ዞረች። ደግሞ የሚያስሉ እንደሆነ ጆሮዋን ጥላ ቆየች፤ ቱፋም አብሯት ቆየ። አልተደገመም።

ሻርፗን ወደ አፏ መለሰችው።

"የአባቴ ነው" አለችና ወደ ቤት ገባች።